ሲሊኮንን በኮምፒውተር ማቅለጥ፦ ፎርስ ፊልድ እንዴት ይሠራል?

ሲሊኮን ሲቀልጥ አቶሞቹ ምን እንደሚያደርጉ በኮምፒውተር አስመስላችሁ ለማየት ፈልጋችኋል እንበል። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ በእያንዳንዱ አቶም ላይ ያረፈውን ኃይል ነው። እሱ ከታወቀ የኒውተን ሕግ አቶሙ ወዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል። ጥቂት ታንቀሳቅሱታላችሁ፣ ኃይሉን ደግማችሁ ታሰላላችሁ፣ እንደገና ታንቀሳቅሱታላችሁ። አንዱ እርምጃ አንድ ፌምቶሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ የሰከንድን አንድ ቢሊዮንኛ ለመከታተል ብቻ ሚሊዮን ጊዜ ማስላት ይጠይቃል።

ታዲያ ኃይሉ ከየት ይገኛል? ዋናው ምንጭ የኤሌክትሮኖችን ጠባይ የሚገልጸው ኳንተም ሜካኒክስ ነው። ሆኖም በተለመደው የኳንተም ስሌት የአቶሞቹ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የስሌቱ ሥራ ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ትተን የአቶሞቹን አቀማመጥ ብቻ አይቶ ኢነርጂያቸውን የሚያሰላ ቀመር እንሠራለን። ፎርስ ፊልድ የሚባለው ይህ ነው። ኢነርጂውን እንደ ተራራማ አገር ብታዩት ኃይሉ ቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለቱ በበረታ መጠን አቶሙ በበለጠ ኃይል ይገፋል።

ቀላሉ ቀመር አቶሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ርቀታቸውን ብቻ ይለካል፦ በጣም ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፣ ራቅ ሲሉ ይሳሳባሉ። ይህ ለአርጎን ይበቃል፤ ለሲሊኮን ግን አይሆንም። ርቀት ብቻ ከተቆጠረ አቶሙ የሚጠቀመው ጎረቤት በማብዛት ስለሆነ እስከ 12 ይሰበስባል። በእውነተኛው ክሪስታል ግን እያንዳንዱ የሲሊኮን አቶም ያለው 4 ጎረቤት ብቻ ነው፤ ርቀታቸው 2.35 አንግስትሮም (አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው)፣ በመካከላቸው ያለው ማእዘን 109.5 ዲግሪ ገደማ።

ተመራማሪዎቹ ስቲሊንገርና ዌበር በ1985 ያደረጉት ማእዘኑንም ማስቆጠር ነበር። የዚህ ማእዘን ኮሳይን ከዜሮ በታች አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በሦስት አቶሞች መካከል ያለውን ማእዘን ኮሳይን ወስደው አንድ ሦስተኛ ደመሩበት፤ ውጤቱን በራሱ አባዙት። ማእዘኑ ልክ ሲሆን ዜሮ ይመጣል፤ ሲዛነፍ ኢነርጂው ይጨምራል። ቅጣቱ ምን ያህል ይክበድ? ከላላ ክሪስታሉ አይጸናም፤ ከጠነከረ ደግሞ ፈሳሹ ይበላሻል፤ ሲሊኮን ሲቀልጥ የአቶሙ ጎረቤቶች ወደ 6 ይጠጋሉና። የቅጣቱን ክብደት የሚወስነው ቁጥር የተመረጠው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

በ2007 ቤለርና ፓሪኔሎ ሌላ መንገድ አሳዩ፦ ቀመሩን አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ከኳንተም ስሌቶች እንዲማር ማድረግ። ትክክለኛነቱ ይጨምራል፤ ግን መረቡ ያላየው አቀማመጥ ሲገጥመው የሚሰጠው መልስ ሊታመን አይችልም። በእንከን የለሽ ክሪስታል ብቻ የሠለጠነ መረብ፣ አንድ አቶም የጎደለበትን ቦታ ስትጠይቁት በግምት ይመልሳል።

ስለዚህ ፎርስ ፊልድ ሲሰጣችሁ አስቀድማችሁ በምን መረጃ እንደተቃኘ ጠይቁ። ቀጥላችሁ ካልተቃኘበት ነገር ጥቂቱን፣ ለምሳሌ የገጽ ኢነርጂን፣ በኳንተም ስሌት አመሳክሩ። ቅልጡን ሲሊኮን ማመን የሚገባችሁ ከዚያ በኋላ ነው።