ስለ ነጭ ዱቄትና ስለ ጥቁር ዱቄት

የስንዴ ፍሬ በውጭ ስትታይ አንድ ወጥ ትመስላለች፤ ተሰንጥቃ ስትታይ ግን ሦስት ክፍል አላት። በላይዋ እንደ ልብስ የሚሸፍናት ቡናማ ቅርፊት አለ። ከግርጌዋ ቡቃያው የሚወጣባት ትንሽ እምብርት አለች። የቀረው ሆዷ ነጭ ነው፤ እርሱም ቡቃያው ሥር እስኪሰድ ድረስ የሚመገበው ስንቅ ነው። ይህ ነጩ ክፍል ለሰው ጉልበት ይሰጣል። ነገር ግን ለደም የሚያስፈልገው ብረት፥ ሆድን የሚያለሰልሰው አሰር፥ ሰውነትንም ከበሽታ የሚጠብቀው ቫይታሚን አብዛኛው የሚገኘው በቅርፊቱና በእምብርቷ ውስጥ ነው።

የጎንደር እናቶች በእጅ ወፍጮ በሚፈጩበት ዘመን ሦስቱ ክፍሎች በመጁ ሥር አንድ ሆነው ይደቅቁ ነበር። የሰፈር ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሙሉውን እህል ተቀብሎ ሙሉውን ዱቄት ይመልሳል። ታላቁ የዱቄት ፋብሪካ ግን ቅርፊቱንና እምብርቱን ለይቶ ያወጣል። ይህንም የሚያደርገው ስለ ሁለት ነገር ነው። ፊተኛው፥ ሰው ነጭ ዳቦ ስለሚወድ ነው፤ ሁለተኛው፥ በእምብርቷ ያለው ዘይት ቶሎ ስለሚበላሽ፥ ያለ እርሷ የተፈጨ ዱቄት ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ነው። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ስንዴ ከ70 እስከ 75 ኪሎ ያህል ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ እርሱም ፉርኖ ዱቄት ይባላል። የቀረው ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። እንግዲህ ልጁ ነጩን ዳቦ ሲበላ ላሚቱ የተሻለውን ትበላለች ማለት ነው፤ ላሚቱም በዚህ ቅር አይላትም።

የእህል ቅርፊት ምን ያህል እንደሚጠቅም የታወቀው በሩቅ አገር በዶሮዎች ምክንያት ነው። ዛሬ የኢንዶኔዥያ ክፍል የሆነችው የጃቫ ደሴት በዚያን ጊዜ በሆላንድ መንግሥት እጅ ነበረች። በዚያ ብዙ ወታደሮችና እስረኞች ቤሪቤሪ በሚባል ጽኑ በሽታ ይያዙ ነበር። የበሽተኛው እግር ይዝላል፤ ልቡ ይደክማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ክርስቲያን አይክማን የሚባል ሐኪም የበሽታውን ምክንያት ይፈልግ ነበር፤ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ያመጣው መስሎትም ብዙ ደከመ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. ሐኪሙ ለምርመራ ያስቀመጣቸው ዶሮዎች ታመሙ። እግራቸው ተብረከረከ፤ መቆምም አቃታቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ማንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው ዳኑ። አይክማን እጅግ ተደንቆ የሚበሉትን መረመረ። ዶሮዎቹ የታመሙት ከወታደሮች ሆስፒታል ማድ ቤት የተረፈውን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ሲበሉ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ወጥ ቤት ተሾመ፤ እርሱም የወታደር ሩዝ ለወታደር ላልሆነ ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ዶሮዎቹ ቅርፊቱ ያልወጣለትን ርካሽ ሩዝ በሉና ዳኑ። የዚያ ሰው ንፍገት ስንት ነፍስ እንዳዳነ እርሱ ራሱ አላወቀም ይሆናል።

ከዚህ በኋላ አይክማን ነገሩን ደጋግሞ ፈተነ። ነጩን ሩዝ የሰጣቸው ዶሮዎች ታመሙ፤ ቅርፊቱን የጨመረላቸው ዳኑ። ፎርደርማን የተባለ ሌላ ሐኪም ደግሞ በጃቫ ያሉትን መቶ ያህል ወህኒ ቤቶች መረመረ፤ በሽታው ነጭ ሩዝ በሚበላባቸው በዝቶ፥ ቅርፊቱ ያልተፈተገ ሩዝ በሚበላባቸው ግን እጅግ አንሶ አገኘው። አይክማን በመጀመሪያ በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የሠራው ግሪንስ ግን በ1901 ዓ.ም. ነገሩን አቀናው፤ በነጩ ሩዝ ውስጥ ክፉ ነገር ስለ ገባ ሳይሆን፥ ከቅርፊቱ ጋር መልካም ነገር ስለ ወጣ ነው አለ። ያም መልካም ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ 1 ይባላል። አይክማን በ1929 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነጭ ዳቦ የበላ ልጅ ሁሉ በቤሪቤሪ ይያዛል ማለት አይደለም፤ ሽሮና ምስር፥ ጎመንና ወተት የሚበላ ሰው የጎደለውን ከእነርሱ ያገኛል። ዳሩ ግን ዕለት ዕለት ነጭ ዱቄት ብቻ የሚበላ ሰው፥ በእጁ ያለውን ሀብት ለሌላ እየሰጠ ይኖራል።

የጎንደር አገር ደግሞ በዚህ ሀብት ድሃ አይደለም። በደባርቅና በዳባት ደጋ፥ ብርዱ ጤፍን በሚከለክልበት ቦታ፥ ገብስ ይበቅላል። የገብስ የውጭ ገለባ የሚዋጋ ስለሆነ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ይህም ገለባ ቢወገድ ጉዳት የለውም፤ ከሥሩ ያለው ስስ ቅርፊት ከፍሬው ጋር ይቀራልና። ገብሱ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል። በሶ እሳት አይሻም፤ መንገደኛ ውኃና ጥቂት ጨው ካገኘ ጭብጦ አድርጎ ይበላዋል። የአብነት ትምህርት ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞሩትም ደቀ መዛሙርት የቆሎ ተማሪ የተባሉት ከዚሁ ከገብስ ምግብ የተነሣ ነው።

ወደ ደምቢያ ሲወረድ ደግሞ ጤፍ አለ። ከመቶ የሚበልጡ የጤፍ ፍሬዎች ተሰብስበው የአንዲት ስንዴ ያህል ይመዝናሉ። እንዲህ ደቃቅ ስለሆነች ቅርፊቷን መግፈፍ አይቻልም፤ ስለዚህ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ሙሉውን እህል ይበላል። ሰው ግን በጤፍም መካከል አድልዎ አደረገ፤ ነጩን ለእንግዳ፥ ቀዩን ለቤተሰብ አለ። ቀዩ ጤፍ በብረት ከነጩ ይበልጣል። ሊጡም በእርሾ ሲቦካ፥ ብረቱን ይዞ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግደው ነገር ይቀንሳል።

ለትምህርት ወደ ጎንደር ከተማ መጥቶ በማራኪ የሚቀመጥ የደጋ ልጅ ከወላጆቹ በሶና ቆሎ ይላክለታል። አንዳንዱ ጓደኞቹ እንዳያዩት ያንን ስንቅ ከአልጋው ሥር ይሸሽገዋል፤ በእጁ ባለው ጥቂት ገንዘብም ነጭ ዳቦ ይገዛል። እናቱ ግን ያንን ገብስ በልጇ ስም ለቅማ፥ ቆልታ፥ ፈጭታ ነው የላከችው። በወንጌል በታሪኩ ለተጠቀሰው ብላቴና፥ ለብዙ ሕዝብ የበቃው አምስቱ እንጀራ የገብስ ነበረ፤ ብላቴናውም በሕዝብ ፊት አላፈረበትም።

ነጭ ዳቦ የለመደ ቤት ባንድ ቀን መለወጥ አያስፈልገውም፤ ሆድም ድንገት አሰር ሲበዛበት ይነፋል። በመጀመሪያ በሦስት እጅ ፉርኖ ዱቄት ላይ አንድ እጅ በሰፈር ወፍጮ የተፈጨ፥ በወንፊት ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ይጨመራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኩል ይደረጋል። ቅርፊቱ ብዙ ውኃ ስለሚመጥ ሊጡ ጥቂት ቀጠን ይላል፤ የሚበላውም ሰው ውኃ አብዝቶ ይጠጣል። ለቁርስ ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ፥ በጾም ቀን የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ደግሞ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ በከረጢት ይያዛል፤ ብቻ ጥርስ እንዳይሰብር፥ ገብሱ ገና ሳይቆላ ጠጠሩ በደንብ ይለቀም።