ጓሮና በረት በወለጋ ገበሬ ኑሮ፤ ለሰፈራ ሥራ የሚሰጡት ትምህርት

መግቢያ

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በገበያ ቀን ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ገበሬ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በአህያ ከተጫነው በቆሎና ኑግ ሌላ፣ በቅርጫት የተያዘ እንቁላል፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ጎመን፣ በርበሬ፣ ጌሾና አንጮቴ ያያል። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ የሚገኙት ከዋናው ማሳ ሳይሆን ከቤቱ ዙሪያ ነው። የጊምቢ፣ የነጆ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ ገበያዎችም ከዚህ ብዙ አይለዩም።

በዕርዳታና በሰፈራ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ግን አንድን ቤተሰብ ስንመዘግብ በቅድሚያ የምንጠይቀው ስለ ሄክታርና ስለ ኩንታል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ጓሮውና በረቱ የኑሮው ትርፍ ሳይሆኑ መሠረት መሆናቸውን ማስረዳትና ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ሀ. ጓሮው

በወለጋ ደጋና ወይና ደጋ የቤቱ ዙሪያ መሬት ከምድጃው አመድ፣ ከበረቱም ፍግ ስለሚያገኝ ከሌላው መሬት ይለማል። በዚያም ጎመን፣ ዱባ፣ በርበሬ፣ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ቡና ተጠጋግተው ይበቅላሉ። ከሁሉም ይልቅ የአገሩ መለያ የሆነው አንጮቴ ነው። ይህ ሐረግ በበልግ ማብቂያ በዘር ተተክሎ ሥሩ በመስቀል ሰሞን ተቆፍሮ ይወጣል፤ ተቀቅሎና ተልጦ በቅቤ ይበላል። ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑም በምርመራ ታውቋል።

የጓሮው ትልቁ ጥቅም ግን በጊዜው ላይ ነው። ዋናው አዝመራ የሚሰበሰበው ከጥቅምት ወዲህ ስለሆነ፣ ጎተራው የሚጎድለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡን የሚያሻግሩት የጓሮው ጎመንና ከቤቱ አጠገብ አስቀድሞ የተዘራው የበቆሎ እሸት ናቸው። ጓሮውን በአብዛኛው የምታስተዳድረው እናት ናት። ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚገዛው እርሷ ከምትሸጠው እንቁላልና ቅቤ ነው።

ለ. በረቱ

ጎህ ሲቀድ ላሞች ይታለባሉ፤ ልጆች ከብቱን ወደ ግጦሽ ያወጣሉ፤ አባት በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ማታ ከብቱ የሚያድረው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አይደለም። በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ ያለው ገበሬ በረቱን ከማሳው አንዱ ጥግ ወደ ሌላው በየጊዜው ያዛውራል፤ ከብቱ ያደረበት መሬት ለሚመጣው የበቆሎ ዘር ፍግ ጠግቦ ይቆየዋል። ስለዚህ የሆሮ ከብት ለባለቤቱ ወተትና የእርሻ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ማዳበሪያም ጭምር ነው። ከብቱን ያጣ ቤተሰብ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

ከብት የሌለውም ሰው ፈጽሞ አይጣልም። የጎረቤቱን ላም ተቀብሎ እየጠበቀ ወተቷን ይጠጣል፤ ጥጃው ግን የባለቤቱ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ይህን ዳበሬ ይለዋል። በሥራም በኩል ሰሜኑ ወንፈል የሚለው ተራ በተራ የመረዳዳት ልማድ በወለጋ ዳዶ ይባላል። እንዲህ ያለው መረዳዳት በጉርብትና የሚገኝ ስለሆነ በጭነት መኪና ከሰፋሪው ጋር አብሮ አይጓዝም።

ሐ. በ1977 እና 1978 ዓ.ም. የሆነው

በነዚያ ዓመታት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከተወሰዱት 600 ሺህ ያህል ሰዎች ሩብ ሚሊዮን የሚሆኑት በወለጋ ክፍለ ሀገር ሰፈሩ። ብዙዎቹ በግዴታ የተወሰዱ ነበሩ፤ ከቤተሰባቸው የተለያዩም ነበሩ። በስግሰጋ የሰፈሩት በነባሩ ገበሬ መካከል ጎጆ ሲሠራላቸው፣ እንደ ቄቶ ባሉት መደበኛ ጣቢያዎች ደግሞ መሬቱ በትራክተር እየታረሰ ሰፋሪው በኅብረት እርሻ ላይ በነጥብ ይሠራ ነበር።

ሰፋሪው የመጣው የማረስ ዕውቀቱን ይዞ፣ በሬውን ግን አጥቶ ነው። ቆላው የወባ አገር ነበር፤ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ደግሞ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ከብቱን ይፈጅ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ሰፋሪው የዘራውን ራሱ የሚያዝበት ስፍራ ከጎጆው ዙሪያ ያለው ጠባብ ቦታ ብቻ ነበር። ከኅብረት እርሻው የተረፈ ጉልበቱንም ያፈሰሰው በዚያው ላይ ነው። የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በ1982 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የኅብረት እርሻዎቹ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ።

በነባሩ ሕዝብ በኩል የደረሰውም ጉዳት መዘንጋት የለበትም። ለጣቢያ የተመረጠው መሬት በካርታ ላይ ባዶ ቢመስልም፣ ለባለአገሩ ግጦሹ፣ ደኑና የቀፎው መስቀያ ነበር።

መ. ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት መስጠትን ዓላማው አድርጎ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በወለጋ በግጭት ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለው ሰው ቁጥር ከፍተኛ ነው። ሰው በድርቅም ሆነ በግጭት ቤቱን ሲለቅ፣ እንደገና ሲቋቋም የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

1. የጓሮ ዘር ከእህል ዘር ጋር፣ ቢቻል ቀድሞ፣ ይታደል። ጎመን በሳምንታት ይደርሳል፤ በቆሎ ወራት ይፈጃል።

2. የእንስሳት ሐኪም ስለ ገንዲ ሳያረጋግጥ በሬ አይከፋፈል። ለስጋትና ለዕዳ ከሚዳርግ በሬ የሚተርፉ ጥቂት ዶሮዎች ይሻላሉ።

3. የጓሮውን ጉዳይ የሚያውቁት እናቶች ስለሆኑ እነርሱ ይጠየቁ።

4. ግጦሹና ውሃው ከነባሩ ገበሬ ጋር በግልጽ ሳይመከርበት መሬት አይሸንሸን።

ማጠቃለያ

ራሽን ሰውን ከሞት ያድናል፤ ገበሬ የሚያደርገው ግን ጓሮውና በረቱ ነው። ሰፋሪ በቀዬው መክረም አለመክረሙን ለማወቅ የሚሻ ሠራተኛ የመጋዘኑን መዝገብ ከመመልከቱ በፊት በጎጆው ጀርባ ዞሮ ይመልከት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ወረዳ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ምግብ ከየት ይገኛል?

2. ከብቱን ያጣ ቤተሰብ ከጎረቤት የሚያገኘው ድጋፍ ምንድን ነው? ዕርዳታችን ይህን ድጋፍ ያጠናክረዋል ወይስ ያፈርሰዋል?

3. አዲስ ለሚሰፍሩ ሰዎች የታሰበውን መሬት ከዚህ ቀደም ማን፣ ለምን ይጠቀምበት ነበር?