ቃለ መጠይቅ አማና ነው

ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተውለው የተጠያቂውን መልስ እንጂ የጠያቂውን ጥያቄ አይደለም። መልሱን የሚያወጣው ግን ጥያቄው ነው። ስለሆነም ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚካሄድና ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ማወቅ ለእኛ ለጋዜጠኞች ብቻ ሳይሆን ለአንባቢም ይጠቅማል እላለሁ።

በመሠረቱ ጥያቄ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዝግ ጥያቄ ነው። ይኸውም «ውሳኔውን ፈርመዋል?» እንደሚለው በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለስ ነው። ሁለተኛው «ውሳኔው ላይ እንዴት ተደረሰ?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው። ክፍቱ ተጠያቂው እንዲያብራራ ይጋብዛል፤ ዝጉ የተናገረውን ያስጨብጣል። በሥራዬ እንደታዘብኩት ጀማሪዎች ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይደረድራሉ። ተጠያቂውም ቀላሉን መልሶ ከባዱን ያልፈዋል።

ባለሥልጣን ጥያቄ ሲሸሽ ግን መደጋገም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበሩትን ማይክል ሃዋርድን አንድ ዝግ ጥያቄ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። ሰውየው ቀጥተኛ መልስ አልሰጡም። አለመመለሳቸው ራሱ ለተመልካቹ መልስ ሆነ።

ከድፍረት ይልቅ ግን የሚበልጠው ዝግጅት ነው። ዴቪድ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1977 ከሥልጣን የለቀቁትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ከ28 ሰዓታት በላይ ጠይቋቸዋል። ረዳቶቹ አስቀድመው መዛግብት አገላብጠው፣ ኒክሰን ይታወቃሉ ብለው ያልጠበቋቸውን የድምፅ ቅጂ ጽሑፎች አግኝተው ነበር። ፍሮስት እነዚህን እየጠቀሰ ስለ ዋተርጌት ሲያፋጥጣቸው ኒክሰን የአሜሪካን ሕዝብ ማሳዘናቸውን በአንደበታቸው አመኑ። ፍሮስት ይህን ያገኘው በጩኸት አልነበረም። ማስረጃውን ይዞ ስለቀረበ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። ጥሩ መልስ ማግኘት ብቻውን የተገኘበትን መንገድ ትክክል አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ማርቲን በሽር ከልዕልት ዲያና ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝ ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሎርድ ዳይሰን ምርመራ ግን በሽር ወደ ልዕልቲቱ ለመቅረብ ሐሰተኛ የባንክ ሰነድ አሠርቶ ለወንድሟ ማሳየቱን አረጋገጠ። ቢቢሲም ይቅርታ ጠየቀ። የሚያስቆጨው፣ ያው ምርመራ ዲያና ለምታምነው ጋዜጠኛ ያለ ማታለል ቃሏን ልትሰጥ ትችል እንደነበር መግለጹ ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1997 ሞታለችና እውነቱን ሰምታ የምትወስነው ነገር አልነበረም።

ልዕልት እንዲህ ከተታለለች ማይክራፎን አይቶ የማያውቅ ተራ ሰውስ? ልጇን የቀበረች እናት እንደ ሚኒስትር አትፋጠጥም። ባለሥልጣኑ አማካሪና ቃል አቀባይ አለው። እሷ ግን ያላት የጋዜጠኛው ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እንደሆንን፣ ለምን እንደምንጠይቅና ቃሏ የት እንደሚወጣ አስቀድመን ልንነግራት ይገባል። «ይህን አትጻፉብኝ» ብላ፣ እኛም እሺ ካልን በኋላ የተናገረችውን ማተም ክህደት ነው። ቃሏን ስናሳጥርም ትርጉሙ መዛባት የለበትም።

የሰው ቃል በእጃችን የተቀመጠ አማና ነው። አማና ደግሞ ለባለቤቱ ሳይጎድልና ሳይበረዝ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ! ከእንግዲህ ቃለ መጠይቅ ስታነብ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም መርምር። ጋዜጠኛውን የሚያርመው ጠያቂ አንባቢ ነውና።