ልብሱን የሚለዋውጥ ጠላት፤ ስለ ግመል የሱራ በሽታ

ከኢትዮጵያና ከሶማሌ ቆላዎች ተነሥተው ወደ ዐረብ አገሮች የሚሻገሩ ግመሎች ከጂቡቲ ከተማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ ያርፋሉ። ማቆያው የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ነጋዴም ሆነ ለባለ ግመሉ እጅግ ከሚያሠጉት በሽታዎች አንዱ፣ ሶማሌዎች ዱካን የሚሉት፣ ሱራ ነው። የታመመው ግመል ትኩሳት ይነሣበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይበርድለታል፤ ዳግመኛም ይነሣበታል። በዚህ መካከል ደሙ ያንሳል፤ ሻኛው ይሟሽሻል፤ እርጉዟም ትጨነግፋለች።

የበሽታው ምንጭ ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ግሪፊዝ ኢቫንስ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በ1880 በፑንጃብ በታመሙ እንስሳት ደም ውስጥ አገኘው። ተውሳኩ የከብት ገንዲን ከሚያመጡት ጋር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ለመተላለፍ የፀፀ ዝንብን አይሻም። ሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች ከታመመው ወደ ጤነኛው በአፋቸው ያሻግሩታል።

ትኩሳቱ የሚመላለሰው ስለ ምን ነው? ሊቃውንት ምክንያቱን በይበልጥ የመረመሩት የቅርብ ዘመዱ በሆነው በትሪፓኖሶማ ብሩሲ ላይ ነው። ተውሳኩ ገላውን በአንድ ዓይነት ፕሮቲን እንደ ካባ ይሸፍናል፤ የዚህም ቅንጣት ቁጥር 10 ሚሊዮን ያህል ነው። የካባ መሥሪያ ጂኖች፣ ማለት ከወላጅ የሚወረሱ የሥራ ትእዛዞች፣ ከነስብርባሪያቸው ከ2000 ይበልጣሉ። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የሌሎቹ ጂኖች አሠራር ከዚህ ይለያል። ብዙዎቹ በአንድ ረድፍ ተያይዘው ይነበባሉ፤ መልእክታቸው ከተቆራረጠ በኋላ የትኛው እንዲቆይ፣ የትኛውም እንዲጠፋ ይለያል። የካባው ጂን ግን የሚነበበው በክሮሞሶም ጫፍ ካሉት 15 ያህል ስፍራዎች በአንዱ ነው። በ2001 እንደ ታወቀው፣ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ለዚህ የተለየ አንድ የማንበቢያ ስፍራ አለ፤ ይህም አንዱን አስገብቶ ሌሎቹን በደጅ ያስቀራል። አልፎ አልፎ የተከፈተው ይዘጋና ሌላው ይከፈታል፤ ወይም የሌላ ካባ ጂን በተከፈተው ስፍራ ይገለበጣል። ለውጡ የሚደርሰው በአጋጣሚ ነው እንጂ ተውሳኩ አደጋውን አስቀድሞ አይቶ አይደለም። የግመሉ የደም ወታደሮች የታወቀውን ካባ የለበሱትን ሲፈጁ፣ ካባ የለወጡት ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ። ትኩሳቱም ይመለሳል። ክትባት እስካሁን ያልተገኘለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር ምርመራንም ይነካል። አንዱ የታወቀ የደም ምርመራ የሚመሠረተው ሮታት 1.2 በተባለው ካባ ላይ ነው። ሆኖም ዓይነት ቢ የተባለው የሱራ ተውሳክ ይህ የካባ ጂን የለውም። እርሱም አስቀድሞ በኬንያ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ግመሎች መገኘቱ ተገልጿል። በዚህ የተያዘ ግመል በምርመራው ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ባለ ግመሉ ትኩሳቱ በረደ ብሎ፣ ወይም አንድ ምርመራ ንጹሕ ነው ስላለው ሊዘናጋ አይገባውም። የተጠረጠረው ግመል ከመንጋው ተለይቶ ይቆይ፤ ደሙም በማይክሮስኮፕ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ይታይ። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ፤ ለግመል ሱራ ከሚሰጡት አንዱ መላርሶሚን ነው። ለከብት ገንዲ የሚሰጠው ዲሚናዚን ግን ግመልን ሊመርዝ ስለሚችል፣ ከከብቶቹ የተረፈውን ለግመል መስጠት ከበሽታው የማያንስ ጥፋት ያመጣል።