ለልጆች መጠጫና ምግብ መያዣ የሚሆን ፕላስቲክ ስለ መምረጥ

ቀድሞ ልጅ ወደ ተማሪ ቤት ሲሄድ ስንቁን በአገልግል፤ ውሃውን በቅል ይዞ ይሄድ ነበር። ዛሬ የሚበዛው የፕላስቲክ ኩባያና ምሳ ዕቃ ነው። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም፤ ስለዚህ ፈጽሞ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዘሩ ብዙ ስለ ሆነ ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል።

ዕቃው ተገልብጦ ከሥሩ ቢታይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ1 እስከ 7 ካሉት ቍጥሮች አንዱ ይገኝበታል። ለልጆች ኩባያና ምሳ ዕቃ የሚሻለው 5 ቍጥር ነው፤ ይኸውም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሙቀት የሚችል ነው። 2 ቍጥርም ለውሃና ለወተት መልካም ነው። 1 ቍጥር በልማድ ሃይላንድ የምንለው የውሃ መያዣ ነው፤ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ስለ ሆነ ትኵስ ነገር አይጨመርበት። 3 እና 6 ለትኵስ ምግብ አይሆኑም። በ7 ቍጥር ከሚጠሩት አንዱ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ቢስፌኖል ኤ የሚባል ነገር ስለሚለቅ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ከጡጦ፤ አሜሪካም በ2012 ከጡጦና ከሕፃናት ኩባያ አስቀርተውታል፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ቍጥር የሌለው ዕቃ በገበያ ብዙ ነው፤ እርሱን ከመግዛት የብረት ኩባያ ይሻላል።

ሙቀትና ቅባት ከፕላስቲክ የሚለቀውን ነገር ያበዙታልና፤ ወጡ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ምሳ ዕቃው ይገልበጥ። ትኵስ ሽሮ በፌስታል ቋጥሮ ለልጅ መስጠት ግን ከቶ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው የተባይ መርዝ የነበረበት ጀሪካን ነው። የመርዝ መያዣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚያው ከመልካሙ ከ2 ቍጥር ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ አይቶ የሚያምን ሰው ይሳሳታል። ቍጥሩ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ነበረበት አይናገርም። መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ገላ ዘልቆ ስለሚገባ በአመድም፤ በሳሙናም፤ በፈላ ውሃም ቢታጠብ ጨርሶ አይለቅም፤ ሽታው ቢጠፋም መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ምን እንደ ነበረበት ያልታወቀ አሮጌ ጀሪካን ለውሃም፤ ለጠላም፤ ለዘይትም አይገዛ።

መምህሩ እንዲህ ባለ ዕቃ ውሃ የሚያመጣ ተማሪ ቢያገኝ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍር ወላጆቹን ጠርቶ ያስረዳ። የአገር ሽማግሌዎችም ይህንኑ በዕድርና በማኅበር ቢነግሩ ይሰማሉ። ጀሪካኑ ዳግመኛ ለሌላ ሰው እንዳይሆን ተበስቶ ለግብርና ሠራተኛው ይሰጥ፤ አይቃጠል፤ ጢሱም መርዝ ነውና።