ብራናው ፎቶ ከተነሣ በኋላ፦ የዲጂታል ቅጂ አጠባበቅ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክ አንጻር

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ዲጂታል ማድረግ» የሚለው አነጋገር ከመሥሪያ ቤቶች አልፎ ወደ ገዳማትና አድባራት ዕቃ ቤቶች ገብቷል። ካሜራና መብራት የያዙ ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ ዕቃ ቤቱ ይከፈታል፤ ብራናው ገጽ በገጽ ይነሣል፤ ባለሙያዎቹም አመስግነው ይሄዳሉ። በዚያ ዕለት ሁሉም ወገን ደስ ይለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን «ያ ፎቶ አሁን የት ነው? ማንስ ሊከፍተው ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ትምህርታዊ ጽሑፍ በዚሁ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ለምሳሌ የምንወስደው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ነው፤ የአንድ ገዳም መጽሐፍ ከብራና ወደ ማይክሮፊልም፣ ከማይክሮፊልም ወደ ኢንተርኔት ሲሸጋገር ለመከታተል የሚያስችል እንዲህ ያለ ግልጽ ታሪክ ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸውና።

ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መምራት ከጀመሩ በኋላ የጸሎት ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍትና የትምህርት ቤትም ሆነ። እርሳቸው በ1273 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1280/81) ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቁት የሀገራችን ባለ ሥዕል ብራናዎች መካከል ከጥንታውያኑ የሚቆጠር ነው። የራሳቸው የአባታችን ሥዕልም ይገኝበታል።

የሥነ ጥበብ ተመራማሪዎች ስለ ሥዕሉ ብዙ ጽፈዋል። ለያዝነው ርእስ ግን የሚበልጠው በወንጌሉ ውስጥ የተጨመሩት ማስታወሻዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ሲያጠኑ፣ ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴም ስለ ገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ሲጽፉ የዚህ ወንጌል ማስታወሻዎች ትልቅ ምስክር ሆነዋቸዋል። የንብረት መዝገብ ለምን በወንጌል ውስጥ ይጻፋል? ወንጌል ከቤተ መቅደስ አይርቅም፤ በየበዓሉ በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ከእርሱ ላይ መፋቅን የሚደፍር አይገኝም። ስለዚህ የመሬት ስጦታም፣ የመጻሕፍት ቆጠራም፣ የምስክሮች ስምም፣ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዘው ቃልም በዚያው ይሰፍር ነበር። አባቶች ንብረቱን ሲያስቀምጡ «ይህ ምንድን ነው? የማን ነው? ማን ሰጠው? ማንስ አየ?» የሚለውን መግለጫ አብረው ያስቀምጡ ነበር። የዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ሜታዳታ» የሚሉት ይኸው ነው።

ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ወንጌሉ ሁለተኛ ቅጂ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1973 በመንበረ ፓትርያርኩና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የገዳማውያን መጻሕፍት ማይክሮፊልም ማዕከል ትብብር የኢትዮጵያ ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን በችግር ውስጥም ቀጥሎ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። የሐይቁ ወንጌል የተመዘገበበት ቁጥር 1832 ነው። በቁጥር 1763 የተመዘገበው ጥንታዊ የድርሳናት መጽሐፍም የዚሁ የሐይቅ ነው።

ፊልሙ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነበር። ያዳነው ካታሎጉ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ ወደ ሚኒሶታ ተሻግረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ። መጽሐፉ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በየትኛው ገጽ ምን እንደሚጀምር፣ በኅዳጉ ማን ምን እንደ ጻፈ፣ የማን ገዳም ንብረት እንደሆነ እያነበቡ መዘገቡ። ካሜራው አንዱን መጽሐፍ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ መግለጫውን የሚጽፈው ሊቅ ግን ለአንዱ መጽሐፍ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ለዲጂታል ሥራ በጀት የሚያዘጋጁ ሁሉ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ለካሜራ ይመደብና ለሊቁ የሚተርፈው የውሎ አበል ብቻ ነው።

ማይክሮፊልሙ ጉድለትም ነበረው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የሥዕሎቹ ቀለም አልተያዘም፤ የጥራዙ አሰፋፍና የብራናው ውፍረትም አይታይም። ይሁንና ፊልሙ በኋላ ተገልብጦ ወደ ኢንተርኔት ስለ ወጣ፣ ዛሬ የሐይቁን ወንጌል በሚኒሶታው ማዕከል ድረ ገጽ በነጻ ተመዝግቦ መመልከት ይቻላል። በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ የአብነት ተማሪ ከአጠገቡ ያለውን መጽሐፍ በስልኩ አማካይነት በአሜሪካ ዞሮ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው፤ መረብ ካለ።

ይህ «መረብ ካለ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የሐይቅ አካባቢም የጦርነት ቀጠና ሆኖ ነበር። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት በደቡብ ወሎ ላለ ገዳም በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ እንደሌለ የሚቆጠር ነበር።

ችግሩ የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወደ ለንደን ይመልከት። በዚያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተጠቃ። ዘራፊዎቹ የቤተ መጻሕፍቱን ሥርዓት ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ፤ ተቋሙ አልከፍልም አለ፤ ዲጂታል የሆኑ ጥንታውያን ጽሑፎች የሚታዩበት አገልግሎትም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ይህ ለወሎ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ የሚገኙት በዚያ ነው፤ በርካቶቹም በዲጂታል ቅጂ ለሕዝብ ክፍት ሆነው ነበር። መቅደላ ደግሞ በዚሁ በደቡብ ወሎ ነው። መጽሐፉ ለንደን፣ ፎቶውም ለንደን ሲሆን አንድ አደጋ ሁለቱንም ከእኛ ሊያርቃቸው እንደሚችል በዓይናችን አየን።

በዚህ ረገድ በዓለም ሲካሄድ የቆየ አንድ ክርክር አለ። አንዳንድ ሙዚየሞች «ፎቶውን በነጻ ሰጥተናችኋልና ዋናውን ማስመለስ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። የዲጂታል ቅጂ ለተመራማሪ ትልቅ ጸጋ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ወንጌል ይሳለማሉ፣ ያወጣሉ፣ ያነብቡበታል፤ ፎቶው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በደብዳቤ ጠይቀው፣ ከመቅደላ ከተወሰዱት አንዱ ተመልሶላቸዋል። ግልባጭ ይላክልኝ አላሉም። በእኔ አመለካከት የዲጂታል ቅጂና የዋናው መመለስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸውና አንዱን በሌላው መለወጥ ተገቢ አይሆንም።

እንግዲህ አንድ ደብር ወይም ገዳም ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ነገር ባለሙያዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ሙሉው ቅጂ በቦታው መቅረቱን ማረጋገጥ ነው። «በኋላ እንልካለን» የሚል ቃል በቂ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣው ስማርት ስልክ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው የማን እንደሚሆን፣ በምን ያህል ጥራት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያትመው እንደሚችል ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሊስማሙበትና ሀገረ ስብከቱም ሊያውቀው ይገባል።

ወጪው ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። አንድ ገጽ በጥሩ ጥራት ተነሥቶ 50 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 15 ጊጋባይት ይሆናል። በዚህ ስሌት ባለ ሁለት ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ130 በላይ መጻሕፍትን ይይዛል፤ ይህም የብዙ አድባራት ጠቅላላ ሀብት ነው። ሆኖም አንድ ዲስክ አይበቃም። በዓለም ያሉ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከአካባቢው ርቆ እንዲቀመጥ ነው። አንዱ በገዳሙ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ቢሆን የሐይቅን እርጥበትም፣ የመብራት መቆራረጥንም፣ ጦርነትንም ይቋቋማል። ዲስክ ደግሞ እንደ ብራና ሰባት መቶ ዓመት አይኖርም፤ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ መገልበጥ አለበት። በሚገለበጥበት ጊዜ ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያረጋግጥ ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ አጭር ቁጥር አለ፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ባለሙያዎቹ ይህን ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጡ መጠየቅ ይገባል።

ፎቶዎችን በቴሌግራም መላላክ የተለመደ ሆኗል። በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ መጠኑ ይቀንሳል፤ መቼና በምን እንደተነሣ የሚናገረው የውስጥ መረጃም ይጠፋል። መላክ ግድ ከሆነ በ«ፋይል» መልክ መላክ ይሻላል። መግለጫውም ሲጻፍ በዩኒኮድ ይሁን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ በኋላ የተጻፈው ጽሑፍ በየትኛውም ስልክ ይነበባል፤ በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ቅርጸ ፊደላት የተጻፉ ብዙ የጽሕፈት ቤት ሰነዶች ግን ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ስንት የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ በዚህ ምክንያት ተዘግቶ ቀርቶ ይሆን!

ከሁሉ አዲስ የሆነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ ነው። በእጅ የተጻፈ ግእዝን አንብቦ ወደ ታይፕ የሚለውጡ ፕሮግራሞች ዛሬ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 እንዲዘልቅ የታቀደው የሃምቡርግ «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው የጥናት ሥራም የኢትዮጵያን ጽሑፎች መግለጫ በኮምፒዩተር እያደራጀ ይገኛል። ፕሮግራሙ ማንበብን የሚማረው አስቀድመው ሊቃውንት መሥመር በመሥመር ከገለበጡለት ጽሑፍ ነው። የመጽሐፍ ቤት መምህር ከሌለ መሣሪያውም የሚማርበት የለውም። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ በኢንተርኔት ላይ በነጻ የተለቀቀ የገዳም መጽሐፍ የትልልቅ ኩባንያዎች መሣሪያ መማሪያ ሲሆን ገዳሙ ተጠይቋል? በጉዳዩ ላይ በዓለም ፍርድ ቤቶች ሳይቀር ክርክሩ እንደ ጦፈ ነው። መፍትሔው ሁሉን መዝጋት አይመስለኝም፤ የተዘጋ መጽሐፍ ሲጠፋ የሚያውቅለት የለም። ሁሉን መክፈትም ግዴታ አይደለም። ለማኅበረ መነኮሳቱ ብቻ የሚነበቡ ጽሑፎች እንዳሉ፣ ከኅዳጉ ማስታወሻዎች መካከልም የሰዎችን የመሬት ይዞታ የሚነኩ እንዳሉ የታወቀ ነው። የትኛው ለሁሉ እንደሚታይ፣ የትኛው በፈቃድ እንደሚታይ መወሰን የገዳሙ መብት ስለሆነ ከስምምነቱ ሰነድ ላይ አስቀድሞ ሊሰፍር ይገባል።

የሚያሳስበው የተመራማሪዎች ካሜራ ብቻ አይደለም። በአምባሰል ወረዳ የምትገኘው፣ የመጽሐፈ ጤፉት መገኛ የሆነችው ግሸን ደብረ ከርቤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናንን ታስተናግዳለች፤ አብዛኛውም ሰው ስልክ ይዟል። ንዋያተ ቅድሳት የሚቀመጡበትን ሥፍራና በር የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ መለቀቁ ለሌባ መንገድ እንደ ማሳየት ነው። በእንዲህ ያሉ በዓላት የሚያስተናግዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ምን እንደሚቀረጽና ምን እንደማይቀረጽ በትሕትና ቢያስረዱ ብዙ ጥፋት ይቀንሳል።

በመጨረሻ ከባለሙያ ይልቅ የንብረት ክፍልን የሚመለከት ነገር አለ። ሃርድ ዲስክ በአለቃው ወይም በጸሐፊው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና ኃላፊው ሲዛወር ተተኪው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል፤ የይለፍ ቃሉም ከቀድሞው ሰው ጋር ይሄዳል። በየዓመቱ በሰኔ ወር የንብረት ቆጠራ በሚደረግበት ጊዜ ዲስኩ ከመስቀሉና ከጽናው ጋር በመዝገብ ይግባ፤ በዕለቱም በኮምፒዩተር ተከፍቶ አምስት ያህል ገጾች ይታዩ፤ የተከፈተበት ቀን፣ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ለማን እንደተሰጠና የሦስት ምስክሮች ስም በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።