የግጥም ምጣኔና የመዝሙር ዜማ

ዜማው እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ አድማጩ የመዝሙሩን ቃል ሳይረዳው የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ የግጥሙና የዜማው አለመመጣጠን ነው።

ምጣኔ ማለት በአንድ ስንኝ ውስጥ የሚገኙት ቀለማት ብዛትና አከፋፈል ነው። ቀለም የሚቈጠረው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለም፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ፊደል ከቀደመው ፊደል ጋር ተጣምሮ አንድ ቀለም ይሆናልና። የሚከተለውን ምሳሌ ተመልከቱ፦

ዝናብ ለሰጠኸን / ለምድራችን ጤና፣
በማለዳ ዜማ / ይድረስህ ምስጋና።

የመጀመሪያው ስንኝ 16 ፊደላት፣ ሁለተኛው 15 ፊደላት አሉት። በጆሮ ሲቈጠሩ ግን ሁለቱም እኩል 12 ቀለማት ናቸው፦

ዝ-ናብ-ለ-ሰ-ጠ-ኸን / ለ-ምድ-ራ-ችን-ጤ-ና
በ-ማ-ለ-ዳ-ዜ-ማ / ይድ-ረ-ስህ-ምስ-ጋ-ና

በየሐረጉ 6 ቀለማት ያሉት እንዲህ ያለው ግጥም ወል ቤት ይባላል። በየሐረጉ 5 ቀለማት ያሉት ደግሞ ሰንጎ መገን ነው።

ግጥምን ከዜማ ጋር ለማስማማት ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ።

፩. የቀለማት ቍጥር፦ «ለምድራችን» በማለት ፈንታ «ለአገራችን» ብንል ሐረጉ 7 ቀለማት ይሆንና ከዜማው ይተርፋል። «ላገራችን» ብንል ግን ወደ 6 ይመለሳል።

፪. ዕረፍት፦ ዜማው ከአራተኛው ቀለም በኋላ የሚያርፍ ቢሆን «ለሰጠኸን» የሚለው ቃል «ለሰ» ላይ ተሰብሮ ትርጕሙ ይጠፋል።

፫. መጥበቅና መላላት፦ «እግዚአብሔር አለ» በሚለው ሐረግ «ለ» ሲጠብቅ መኖሩን፣ ሲላላ መናገሩን ያመለክታል። ዜማው «አ»ን አርዝሞ «ለ»ን አላልቶ ቢያልፍ፣ ቍጥሩ ሳይጓደል የመዝሙሩ መልእክት ከሥሩ ይለወጣል።

የእንግሊዝኛ መዝሙራትም በምጣኔ ይመደባሉ። የታወቀው ምጣኔ በአራት ስንኞች 8፣ 6፣ 8፣ 6 ቀለማት ያሉት ነው። ጆን ኒውተን የደረሰው «አሜዚንግ ግሬስ» በዚህ ምጣኔ ተጽፎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1779 ታተመ። ዛሬ ከሚታወቅበት ዜማ ጋር የተጣመረው ግን ከ56 ዓመት በኋላ፣ ዊልያም ዎከር በ1835 ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ዜማው ቀድሞ ከሌሎች ግጥሞች ጋር ይዘመር ነበር፤ ምጣኔያቸው ስለ ገጠመ ሁለቱ ሊጣመሩ ቻሉ።

ስለዚህ ግጥም የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ይቍጠር፤ ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ቍጥር ግጥሙን ከዜማው ያደርሰዋል፤ ቃሉን ከአድማጩ ልብ የሚያደርሰው ግን ዕረፍቱና አነባበቡ ሲጠበቅ ነው።

መልመጃ

ሀ. ከምታውቁት መዝሙር ሁለት ስንኞች ጽፋችሁ ቀለማታቸውን ለዩ።
ለ. «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ትርጕም በዐረፍተ ነገር አሳዩ።
ሐ. ስለ መከር በወል ቤት አራት ስንኞች ግጠሙ፤ በምታውቁት ዜማ ዘምራችሁም ቃል የሚሰበርበት ቦታ ካለ አርሙ።